ለወፍ የተሰጠ ምስክርነት

ዛሬ ጠዋት ከበረንዳዬ ላይ አንዲት የፕላስቲክ ወንበር አንስቼ ጓዳ አስገባሁ። ወንበር ጓዳ ማስገባት ታሪክ ተብሎ የሚወራ ነገር አይደለም፤ ይቺኛዋን ለምን እንዳስገባኋት ለመናገር ግን አርባ ምናምን ዓመት ወደ ኋላ መሄድ ግድ ይለኛል። ታቦር ተራራ ሥር ባለችው ቤቴ በረንዳ ላይ ሁለት ትንንሽ በቀቀኖች አሉኝ፤ አንዷ የሎሚ ቀለም፣ አንዱ ሰማያዊ። በሽቦ ቤታቸው ውስጥ ጎን ለጎን ተለጥፈው ከማለዳ ጀምሮ ይንጫጫሉ። እነሱ ደስ ብሏቸዋል። እኔ ተናድጃለሁ።

የሎሚ ቀለሟን ያገኘኋት ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ነው፤ ዓሣ ልገዛ ሐይቁ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል ወርጄ። ቦታው መቼም የአባ ኮዳ አገር ነው፤ ያ ራሰ በራ ትልቅ ወፍ ሁሉ እንደ ጡረተኛ ትከሻውን ሰብስቦ የዓሣ አንጀት እስኪጣልለት ይጠብቃል። ከእግራቸው ሥር ከጭብጥ የማትበልጥ ነገር ስትንፈራገጥ አየሁ። ከሰው ቤት አምልጣ የመጣች መሆን አለባት፤ ጅራቷ ግማሹ ተነቅሏል። አንደኛው አባ ኮዳ አንገቱን ቀስ አድርጎ ሲያዘነብል ነጠላዬን ከትከሻዬ አውርጄ ወረወርኩባት። «እማማ፣ እዚህ የሚሸጠው ዓሣ ነው!» ብሎ አንዱ አጥማጅ ሰው ሁሉ አሳቀብኝ። እኔ ግን ነጠላውን ገለጥ አድርጌ ሳያት ለመሳቅም ለመቆጣትም አቅም አጣሁ። ቀለሟን አወቅኩት። ሎሚ ሊበስል ሲል፣ አረንጓዴው ወደ ቢጫ ሲሸሽ ያለው ቀለም ነው። በዕድሜዬ ያንን ቀለም አንድ ጊዜ ብቻ ለብሻለሁ፤ ያውም ለግማሽ ቀን።

ያኔ ሐዋሳን አዋሳ ነበር የምንላት። መንግሥት የተለወጠ ሰሞን ይሁን ከዚያ ወዲያ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ሰልፍና ስብሰባ ይበዛ እንደነበር ትዝ ይለኛል፣ ስለ ምን እንደነበር ግን ረስቼዋለሁ። ስለ ጨርቅ ከሆነ ጠይቁኝ። የተትረን ዘመን ነበር። ተትረን ሱሪ የለበሰ ወንድ ሊቀመጥ ሲል የካውያው መስመር እንዳይበላሽበት ጉልበቱ ላይ ቆንጠጥ አድርጎ ከፍ ያደርገው ነበር፤ ከታች ሰፍቶ ጫማውን የሚውጠው ቤልቦተም የወጣውም ያኔ ነው። እኔና ጓደኛዬ አስካለ ገበያው ማዕዘን ላይ፣ ከዳቦ ቤቱ ቀጥላ ያለች አንዲት ክፍል ተከራይተን፣ ሁለት የስፌት መኪና ጎን ለጎን አስቀምጠን እንሠራ ነበር። እሷ ትቆርጣለች፣ እኔ እሰፋለሁ። የእሷ መቀስ መስመር ሳይሰመርለት ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ የእኔን የቁልፍ ቤት ደግሞ ሰው ልብሱን ገልብጦ ከውስጥ በኩል ያየው ነበር። አሥር ሰዓት ሲሆን በስሙኒ ሁለት ሻይና ሁለት ቦምቦሊኖ እናስመጣለን፤ ስኳሩ ጨርቅ ላይ እንዳይረግፍ ደጅ ወጥተን ቆመን እንበላለን። የዳቦ ቤቱ ሬዲዮ ዘፈን ሲለቅ ሁለታችንም መኪናችንን በዜማው ልክ እንረግጣለን። በደጅ ጋሪ ያልፋል፤ ባለ ጋሪው አስካለን ሲያይ ፈረሱን ያለ ምክንያት ይጠራዋል። ዛሬ ያ ማዕዘን ባለ መስታወት ፎቅ ሆኗል፣ ስልክ ይሸጥበታል፣ ከፊቱ ባጃጅ ይሰለፍበታል። ባለፍኩ ቁጥር ግን የዳቦው ሽታ ይመጣብኛል፤ ከሽታው ጋር አስካለ ትመጣለች፤ ያን ጊዜ አፌ ይመረኛል።

ከአንድ ጣቃ የተቆረጠ ሁለት አንድ ዓይነት ቀሚስ ነበረን። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እሱን ለብሰን ሐይቁ ዳር እንሄዳለን፤ በዛፎቹ ሥር ፎቶ የሚያነሳ ሰው ነበር፣ ራሱን ጥቁር ጨርቅ ውስጥ ከቶ «አትተንፍሱ» የሚል። ያነሳን ፎቶ አሁንም አለኝ፤ ግማሹ ማለቴ ነው። አስካለን በመቀስ ቆርጬ ጥያታለሁ። ትከሻዬ ላይ ያረፈው እጇ ግን ቀርቷል። እሱን ልቁረጥ ብል ራሴንም መቁረጥ ሆነብኝ።

ወርቁ የሚባል መምህር ነበር። ጥቁር ብስክሌት ነበረው፤ ሱሪው ሰንሰለት እንዳይገባበት ቁርጭምጭሚቱ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ይይዘዋል። አንዱን ሱሪ ሊያሳጥር ሦስት ጊዜ አመጣው። «አሁንም ትንሽ ረዘመብኝ» ይላል፣ ዓይኑ እኔ ላይ። አስካለ «በአራተኛው ቁምጣ ይሆናል፤ ምን እንደፈለገ ይናገርና ይገላገል» ብላ ሳቀች። ተገላገለ፤ ሽማግሌ ላከ። አባቴ እንደ ደንቡ ቀጠሮ ሰጡ። በሁለቱ ቀጠሮዎች መካከል የወንዱ ወገን ያጠናል። ልጅቷን ራሷን የሚጠይቅ የለም፤ ጎረቤት ይጠየቃል፣ ከሁሉም በላይ ጓደኛዋ ትጠየቃለች። ጠባይዋ እንዴት ነው? እጇስ? አፏስ? ጓደኛ አንድ ቃል ትናገራለች፣ በዚያች ቃል ቤት ይቆማል ወይም ይፈርሳል። እኔ በዚህ በኩል ምንም ሥጋት አልነበረኝም። ለቀጠሮው ቀን የምለብሰውን የሎሚ ቀለም ተትረን የቆረጠችልኝ ራሷ አስካለ ነበረች። መርፌ በአፏ ይዛ ወገቤን እየለካች «ይህን ለብሰሽ ካዩሽ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ይጠይቁሻል» ብላኛለች።

በቀጠሮው ቀን ለብሼ ተቀመጥኩ። እናቴ ዳቦ ደፍታለች፣ አባቴ ካባቸውን ደርበው ደጅ ደጁን ያያሉ። ስድስት ሰዓት ሆነ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ ማንም አልመጣም። አባቴ ካባቸውን አውልቀው ምስማሩ ላይ ሲሰቅሉት ያደረጉትን ጥንቃቄ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ከሳምንት በኋላ ከሽማግሌዎቹ አንዱ አባቴን መንገድ ላይ ሲያገኟቸው ነገሩን አፍረው አወጡት። አስካለን ጠይቀዋት ኖሯል። «እኔን አትጠይቁኝ፤ ጓደኛዬ ናት» አለቻቸው። በቃ፤ ሌላ አልጨመረችም። እስኪ አስቡት። ተሳድባ ቢሆን ቅናት ነው ይባላል። ዋሽታ ቢሆን ውሸት አንድ ቀን ይያዛል። እሷ ግን ባዶ ሥፍራ ትታ ሰዎቹ የፈለጉትን ጉድ እየራሳቸው እንዲሞሉበት አደረገች። አንዱ የሚጥል በሽታ አለባት አለ፣ አንዱ የተደበቀ ልጅ አላት አለ። ወርቁ ዝውውሩ ደረሰለትና ሄደ፤ በሄደበት አገር አገባ ሲባል ሰማሁ። ከዚያ ወዲያ ሽማግሌ ደጃችንን አልረገጠም። እኔ ነገሩን በሰማሁበት ቀን ጋሪ ጠርቼ የስፌት መኪናዬን ጫንኩ። አስካለ መቀሷን እንደያዘች ቆማ አየችኝ። ለምን ብዬ እንኳ አልጠየቅኳትም። ቀሚሱን የካውያ ጨርቅ አደረግኩት፤ ጥቂት በጥቂት እየተቃጠለ አለቀ።

አርባ ዓመት በአንድ ከተማ ስንኖር ቃል አልተለዋወጥንም። ከተማዋ ትንሽ በነበረች ጊዜ መንገድ እቀይር ነበር፤ ሰፍታ ሰው ሲበዛባት መቀየሩም አላስፈለገኝም። አግብታ፣ ወልዳ፣ አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር ቤት መሥራቷን ሰምቻለሁ። ባሏ ሲሞት ለቅሶ አልደረስኩም፤ ይህን ስል አላፍርም። መጋቢያችን «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» እያሉ ሲሰብኩ አንገቴን እደፋለሁ፤ በሆዴ ግን «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» እላለሁ። የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አንድ ቀን አንድ ሰው ስለ አስካለ እንዲጠይቀኝ። መልሱን አጥቤ፣ ተኩሼ፣ አጣጥፌ አስቀምጬ ነበር።

ወደ ወፏ ልመለስ። ሎሚ አልኳት። ቁስሏ ዳነ፣ ጅራቷም ማቆጥቆጥ ጀመረ፤ እሷ ግን ዝም አለች። ዳጉሳ ስሰጣት ሁለት ፍሬ ቆርጥማ ትተዋለች። ላባዋን ነፍታ ጥግ ትይዛለች። ይባስ ብላ የደረቷን ላባ በራሷ መንቆር መንቀል ጀመረች። መናኸሪያ አካባቢ የዶሮ መኖና ጫጩት የሚሸጥ ከማል የሚባል ጎልማሳ አለ፤ ወፍም ያረባል። አያት አያትና «እማማ አለሚቱ፣ ይቺ በሽታዋ ብቸኝነት ነው» አለኝ። «እነዚህ ብቻቸውን አይሆንላቸውም። ጓደኛ ካላገኘች ራሷን ነቅላ ትጨርሳለች።» እኔ አርባ ዓመት ብቻዬን ኖሬ አንድ ላባ አልነቀልኩም ልለው ፈልጌ ተውኩት።

መጀመሪያ የሰጠኝ ነጭ ነበር። «ወንድ ነው» አለኝ። የሚለዩት ከመንቆራቸው በላይ ባለችው ቆዳ ነው፤ የወንድ ሰማያዊ፣ የሴት ቡናማ ትሆናለች፤ ጫጩት ሳሉ ግን ታሳስታለች። ከማልን አሳሳተችው። ነጩ ሴት ሆና ተገኘች፤ በሁለተኛው ቀን ሎሚን እግሯን ነክሳ አደማቻት። ይዣት ስመለስ ከማል አፍሮ ጭንቅላቱን አከከ። «ከእንግዲህ ሳላጠና አላጋባም» አለ። «ረጋ ያለ፣ ዕድሜው የደረሰ ወንድ ነው የሚያስፈልጋት። አዲስ ከተማ አንዲት እናት አሉ፣ የሳሙኤል እናት፤ ሴቷ ሞታባቸው ወንዱ ብቻውን ቀርቷል፣ እሳቸውም ጭንቅ ላይ ናቸው። ይዣቸው ልምጣ?» «አምጣቸው» አልኩት። በእኛ አገር ሴት ከወለደች በኋላ በልጇ ስም ስለምትጠራ የራሷ ስም ይረሳል። የሳሙኤል እናት ደግሞ ማን ናት ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልጠየቅኩም።

በማግስቱ ባጃጅ ደጄ ቆመ። ከማል ወረደ፤ ቀጥሎ በሻሽ የተሸፈነ የሽቦ ቤት ወረደ፤ ቀጥሎ አንዲት አሮጊት ጉልበቷን ይዛ እያቃሰተች ወረደች። ፊቷን ሳላይ እጇን አወቅኩት። በመቀስ የኖረ አውራ ጣት እንደ ጎበጠ ይቀራል፤ በዚያ ላይ ያንን እጅ በፎቶው ላይ በየቀኑ ትከሻዬ ላይ አየዋለሁ። እሷም አወቀችኝ። በሩን ልዘጋ እጄን ሳነሳ ከሻሹ ሥር አንድ ፉጨት ወጣ፤ ከበረንዳዬ ሎሚ መለሰችለት። ቤቴ ከገባች ጀምሮ ድምፅዋን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። በሩን ተውኩት። «ግባ» አልኩ፣ ለከማል።

ሁለቱን ቤቶች አጠጋግተን አስቀመጥን። ሰማያዊው ሽቦው ላይ ተንጠለጠለ፤ ሎሚ ከጥጓ ተነስታ መጣች፤ መንቆር ለመንቆር ነካ ነካ ተደራረጉ። ከዚያ ሎሚ ዳጉሳ በላች። አንድ ሁለት ፍሬ አይደለም፣ ጠግባ በላች። ከማል «ተዋደዱ!» ብሎ አጨበጨበ። በረንዳው ላይ አንዲት ወንበር ነበረች፤ ተቀመጥኩባት። አስካለ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። እንግዳ አቁሞ መቀመጥ ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ አውቄ ነው የተቀመጥኩት።

«እንግዲህ አንድ ቤት ይግቡ» አለ ከማል።

«እንደ ደንቡ ሴቷ ናት ወደ ወንዱ የምትሄደው» አለች አስካለ በቀስታ፣ ወደ እኔ ሳታይ። ድምፅዋ አርጅቷል።

ከማል ወደ ጓዳው በር ጠራኝ። ቃሉን የሚያከብር ሰው ነው፤ ሊያጠና ነው። «እማማ፣ የምትተዋወቁ ትመስላላችሁ» አለኝ ዝቅ ብሎ። «ወፏን ለእሳቸው ብንሰጣቸው ይይዟታል? ምን ዓይነት ሰው ናቸው?»

አርባ ዓመት! ሽማግሌ አልነበረም፣ ካባ አልደረበም፤ ሸሚዙ ላይ የመኖ ብናኝ ያለበት ሰው ነው። ጥያቄው ግን ያው ነው። በረንዳው ድረስ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አደረግኩ።

«እኔን አትጠይቀኝ» አልኩት። «ጓደኛዬ ናት።»

ከማል ግራ ገብቶት አየኝ። አስካለ ግን ገብቷታል። ስወጣ ሻሹን ታስተካክል ነበር። «ዝውውር ነበረው» አለችኝ። «ብታገቢው ይዞሽ ይሄድ ነበር። ብቻዬን ልቀር ነበር፣ አለሚቱ።»

«ይኸው ቀረሽ አይደል?» አልኳት።

አዎ በሚል ራሷን ነቀነቀች። የወፉን ቤት ሸፍና ታቅፋ ወጣች፤ ባጃጁ ላይ ስትወጣ ከማል በክንዷ ያዛት።

እውነቱን ልናገር፤ ጣፈጠኝ። ያን ቀን ወለል አጠብኩ፣ መጋረጃ ቀየርኩ፣ ከመዝሙር ሌላ ከአፌ ወጥቶ ባያውቅም የዳቦ ቤቱን ሬዲዮ ዘፈን አንጎራጎርኩ፤ ለካ ግጥሙን አልረሳሁትም። ሎሚ ግን ሦስት ጊዜ ተጣራች፤ አራተኛውን ተወችው። በማግስቱ ዳጉሳውን አልነካችም። በሦስተኛው ቀን ከቆመችበት እንጨት ወርዳ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፤ በእጄ ሳነሳት የሚሰማኝ ልቧ ብቻ ነው፤ ደረቷ ራቁቱን ቀርቷል። አንድ ስልክ መደወል ይበቃ ነበር። ስልኩን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ለአስካለ ከምንበረከክ ትሙት አልኩ፤ ይህንንም ብያለሁ፣ አልደብቅም። ወፏ ምን በደለች? ምንም። ታዲያ እኔስ ያኔ ምን በድዬ ነበር?

በአራተኛው ቀን ከማል ብቻውን መጣ፤ በሻሽ የተሸፈነውን ቤት ይዞ።

«ወንዱን ለእርስዎ ሰጥተውታል» አለኝ። «ይቅርልኝ፣ እሷ ጋ ይኑር ብለዋል።»

«ምን ብላ?»

«እኔ እንኳ እንደ ልማዴ ጠይቄያቸው ነበር። እማማ አለሚቱ ይይዙታል ወይ፣ ምን ዓይነት ሰው ናቸው አልኳቸው።» ጉሮሮውን ጠረገ፤ ቃል በቃል አድርስ የተባለ ይመስላል። «‹አለሚቱ እጅ የገባ ነገር ተበላሽቶ አያውቅም። ጠባይዋም፣ እጇም፣ አፏም ንጹሕ ነው። በዚህ ከተማ ከእሷ የበለጠ የማምነው ሰው የለም። አስካለ መሰከረች በላት› አሉኝ። መሰከረች ያሉት ምኑን እንደሆነ አልገባኝም። ሲናገሩ ያለቅሱ ነበር።»

ጠባይዋም፣ እጇም፣ አፏም። ያኔ የሚጠየቀውን አንድ ባንድ መልሳዋለች፤ አንዱንም አልዘለለችም። አርባ ዓመት ዘግይታ፣ ለሽማግሌ ሳይሆን ለመኖ ሻጭ፣ ለባል ሳይሆን ለወፍ! እዚያው ከማል ፊት ተቀምጬ አለቀስኩ። እሱ ያዘንኩ መስሎት «አይዞዎት» ይለኛል። ንዴት ነበር። ያን ሁሉ ዘመን አጣጥፌ ያኖርኩትን በቀል ገና አንድ ጊዜ ብለብሰው፣ ሳምንት እንኳ ሳይሞላው መጥታ ገፈፈችኝ። ያኔ ትዳሬን አስቀረችብኝ፣ አሁን ደግሞ ቂሜን። መጥፎ ሆና ብትቀርልኝ ምን ነበረበት?

ሎሚ በዚያው ቀን በላች። ሁለቱን ጥቂት ቀናት በየቤታቸው አጎራብተን አቆየናቸውና ከማል መጥቶ አንድ ላይ አስገባቸው። አሁን የደረቷ ላባ ገጥሟል። ሰማያዊው ዳጉሳ እየፈለቀቀ በመንቆሩ ያጎርሳታል፤ እሷም ያለ ኃፍረት አፏን ትከፍታለች። የአስካለ በረንዳ ባዶ ሆነ ማለት ነው። ይህ ሊያስደስተኝ ይገባ ነበር፤ እየሞከርኩ ነው።

ትናንት ከማል ደወለልኝ። «የሳሙኤል እናት ነገ ቅዳሜ መጥቼ ወፉን ልየው ይላሉ» አለ። «ምን ልበላቸው?»

«ትምጣ» አልኩት። «ወንበር ግን የለኝም በላት።»

ስለዚህ ነው ዛሬ ጠዋት ወንበሯን ጓዳ ያስገባኋት። ቆማ ትይ፣ ቆማ ትሂድ። ከዚያ ከባጃጁ ስትወርድ ጉልበቷን ይዛ ያቃሰተችው ትዝ አለኝና አወጣኋት። ከዚያ አባቴ ካባቸውን ሲሰቅሉ ትዝ አሉኝና መልሼ አስገባኋት። ይቅር አላልኳትም፤ ይህ ይታወቅልኝ። ሁለቱ ወፎች ሲንጫጩ የሚሰማው ልክ እንደዚያ ዘመን ሁለት የስፌት መኪና ነው፤ እሱም ያናድደኛል። ባጃጁ ደጅ ሲቆም ጓዳው ደፍ ላይ ነበርኩ፤ ወንበሯ በሁለት እጄ ላይ ናት። ወዴት በኩል ይዣት እየሄድኩ እንደነበር እኔን አትጠይቁኝ።